የአንድን ቃል ዘር በአውሮፓ ቋንቋዎች እንዴት መቁጠር ይቻላል? «ባንክ»ን ይዞ የሚሄድ መመሪያ

ጀርመንኛ የሚማር ሰው «ባንክ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ያጠናዋል፤ አንዴ ገንዘብ የሚቀመጥበት ቤት ሆኖ፣ አንዴ ደግሞ መናፈሻ ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ሆኖ። ፊደሉ አንድ ነው፤ አነባበቡ አንድ ነው፤ ፆታው እንኳ አንድ ነው። የሚለያዩት ሲበዙ ነው፤ ወንበሮቹ «ቤንከ»፣ ገንዘብ ቤቶቹ «ባንከን» ይባላሉ። አቴንስ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ በየባንኩ በር ላይ «ትራፔዛ» የሚል ጽሑፍ ያነባል፤ ልብ ብሎ ቢያዳምጠው የገዛ ቤቱን ጠረጴዛ ይሰማዋል።

ሁለቱም በአጋጣሚ የሆኑ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ የሚችለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀመጠ ምሁር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን አንድ ደብተር፣ ኢንተርኔት የሚሠራበት ስልክ ወይም ኮምፒውተርና ጥቂት ምሽቶች ያሉት ሰው ሁሉ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ሥራው ለጋብቻ ዘር ከመቁጠር ጋር ይመሳሰላል። ሽማግሌዎች ሁለት ወጣቶች ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው አይሉም፤ አባትን፣ አያትን፣ ቅድመ አያትን እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ቃልም በመልኩ ሳይሆን በመጣበት መንገድ ነው የሚታወቀው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ቆጠራ አሠራር ነው።

1. ቃሉን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በእጅ የሚዳሰስ ነገር ስም ይምረጥ፤ የቤት ዕቃ፣ ምግብ፣ መሣሪያ፣ ልብስ። ዕቃ ከነጋዴና ከወታደር ጋር ይጓዛል፣ ስሙም አብሮት ይጓዛል፤ ስለዚህ ዱካው አይጠፋም። እንደ «ፍቅር» እና «ነፍስ» ያሉት ቃላት ያምራሉ፣ ግን ለጀማሪ አይሆኑም። በጣም አጭር ቃልና የሕፃን አፍ መፍቻ ቃልም ይለፉ፤ «ማማ» እና «ፓፓ» ዝምድና በሌላቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ምክንያቱ የሕፃን ከንፈር እንጂ የጋራ ዘር አይደለም።

ከአንድ በላይ ትርጉም ያለው ቃል ካገኙ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። ሁለቱ ትርጉሞች የሚገናኙበትን ቦታ መፈለግ ግማሹን ሥራ ይሠራልዎታል። «ባንክ»ን የመረጥሁት ለዚህ ነው።

2. ደብተሩን ማስመር

በደብተርዎ ላይ አምስት ዓምዶች ያስምሩ፦ ቋንቋው፣ የቃሉ ቅርጽ፣ ፆታውና ብዙ ቁጥሩ፣ ትርጉሞቹ ሁሉ፣ መጀመሪያ የተጻፈበት ዘመን። ብዙ ሰው ሁለቱን ብቻ ሞልቶ፣ ቋንቋውንና ዋናውን ትርጉም ጽፎ ይቸኩላል። ቁልፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓምድ ውስጥ ነው። የጀርመንኛውን ብዙ ቁጥር ያልጻፈ ሰው የቃሉን ግማሽ ታሪክ ጥሏል፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይታያል።

ለእያንዳንዱ ቋንቋ የዚያኑ አገር መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። ከአማርኛ ወይም ከእንግሊዝኛ የሚተረጉመው ትንሽ መዝገበ ቃላት አንድ ትርጉም ብቻ ይሰጥዎታል። ትልልቆቹ ብሔራዊ መዝገቦች ግን ቃሉ መቼ እንደተጻፈና ከየት እንደመጣ ጭምር ይነግራሉ፤ የፈረንሳይኛው፣ የስፓኒሽኛውና የጀርመንኛው ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። የግሪም ወንድማማቾች በ1838 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጀመሩት የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት የተጠናቀቀው በ1961 ነው። እነርሱና ተከታዮቻቸው ይህን ሁሉ ዘመን የደከሙበትን ነገር ሳይከፍቱ በግምት መናገር ይቆጨኛል።

የእኔ ደብተር ሲሞላ ይህን ይመስላል። በስፓኒሽኛ «ባንኮ» አግዳሚ ወንበርም ነው፣ ባንክም ነው፣ የዓሣ መንጋም ነው። በፈረንሳይኛ ሁለት ቃላት አሉ፤ ተባዕታዩ «ባን» (መጨረሻው «ክ» ይጻፋል እንጂ አይነበብም) ወንበር፣ የአሸዋ ቁልልና የዓሣ መንጋ ሲሆን፣ አንስታዩ «ባንክ» ገንዘብ ቤት ነው። በጣሊያንኛ «ባንካ» ገንዘብ ቤት፣ «ባንኮ» የሱቅ መደርደሪያና የተማሪ ዴስክ፣ «ፓንካ» በ«ፕ» የሚጀምረው ደግሞ አግዳሚ ወንበር። በሮማንያኛ «ባንከ» የተማሪው መቀመጫም ገንዘብ ቤቱም ነው። በሆላንድኛ «ባንክ» ሦስቱንም ይዟል፦ አግዳሚ ወንበር፣ ሶፋ፣ ገንዘብ ቤት። በስዊድንኛ ወንበሩ «ቤንክ»፣ ገንዘብ ቤቱ «ባንክ»። በፊንላንድኛ «ፔንኪ» እና «ፓንኪ»። በእንግሊዝኛ ወንበሩ «ቤንች»፣ ገንዘብ ቤቱ «ባንክ»፣ የወንዝ ዳርም «ባንክ»። በሩሲያኛ «ባንክ» ገንዘብ ቤት፣ «ባንካ» ማሰሮ ወይም ጣሳ።

እዚህ ላይ ይቁሙና ደብተሩን ዝም ብለው ይመልከቱት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ነገር ተደጋግሞ ይመጣል፤ ገንዘብ በተጠራ ቁጥር ወንበር አጠገቡ አለ።

3. በየቤተሰቡ መክፈል

አሁን ቋንቋዎቹን በቤተሰብ ይክፈሏቸው። ጀርመንኛ፣ ሆላንድኛ፣ ስዊድንኛ፣ አይስላንድኛና እንግሊዝኛ የጀርመናዊ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽኛ፣ ፖርቹጋልኛና ሮማንያኛ ከላቲን ተወልደዋል። ሩሲያኛ ስላቭ ነው። ፊንላንድኛና ሀንጋርኛ ከእነዚህ ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ ጎረቤቶች ናቸው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ቃሉ የወላጅ ቋንቋው ቤት ውስጥ ነበረ ወይ? ለላቲን ልጆች ጥያቄው ቀላል ነው፤ ላቲንን እናውቃታለንና። በጥንቱ ላቲን አግዳሚ ወንበር «ስካምኑም»፣ ጠረጴዛ «ሜንሳ» ነበር። «ባንኮ» የሚመስል ነገር የለም። ስለዚህ የስፓኒሽኛውም፣ የፈረንሳይኛውም፣ የጣሊያንኛውም ቃል ከእናታቸው የወረሱት ሳይሆን ከውጭ የተቀበሉት ነው። በጀርመናዊው ቤት ግን ወንበሩ በየልጁ ዘንድ ይገኛል፤ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት በተጻፈ እንግሊዝኛ ውስጥም አለ። ምሁራኑ የጋራ አባታቸውን «*ባንኪዝ» ብለው ይጽፉታል። ከፊቱ ያለችው ኮከብ ትልቅ ትርጉም አላት፦ «ይህ ቅርጽ ተጽፎ አልተገኘም፤ ከልጆቹ ተነሥተን ያቆምነው ነው» ማለት ናት። በደብተርዎም ያላዩትን ነገር ሁሉ በኮከብ ይጻፉ። ታማኝነት እዚህ ትጀምራለች።

4. ድምፁን መመርመር

ይህ ደረጃ ያስፈራል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ከብዙ ሰው ይልቅ የተዘጋጀ ነው። የእንግሊዝኛው «ቤንች» ለምን በ«ች» ጨረሰ? «ከፈተ» ያልነው ግስ «ከፋች» ሲሆን «ት» ለምን «ች» ሆነ? «ወሰደ» ለምን «ወሳጅ»፣ «ለመነ» ለምን «ለማኝ» ሆነ? መጨረሻው ላይ የነበረ «ኢ» ተነባቢውን አለስልሶት ስለጠፋ ነው። ግእዙ «ከፋቲ» ይላል፤ አማርኛው «ኢ»ውን ውጦ ልስላሴውን አስቀረ። በጥንታዊ እንግሊዝኛም የሆነው ይኸው ነው። የ«*ባንኪዝ» «ኢ» ወደ ኋላ ተመልሳ «ባ»ን «ቤ» አደረገች፣ «ክ»ን «ች» አደረገች፣ ከዚያም ራሷ ጠፋች።

ይህን በአንድ ቃል ብቻ ካዩት ግምት ነው። ስለዚህ ሌሎች ጥንዶች ይፈልጉ። በእንግሊዝኛ «ድሪንክ» መጠጣት ሲሆን «ድሬንች» ማራስ ነው፤ «ስቲንክ» መግማት፣ «ስቴንች» ግማት። «ክ» እና «ች» በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲቀያየሩ ታዩ ማለት ነው፤ ሕግ ሆነ። በአይስላንድኛ ደግሞ «ንክ» ጠብቆ «ክክ» ይሆናል፤ መጠጣት «ድሬካ» ነው፣ ወንበሩም «ቤኩር» ነው፤ በሁለቱም ላይ «ክ» ጠብቆ ይነበባል። መጀመሪያ ሲያዩት «ቤኩር» ከ«ባንክ» ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ሕጉን ያወቀ ግን የሥጋ ወንድሙ መሆኑን በአንድ ዓይን ይለያል።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ። የጣሊያንኛው «ፓንካ» እና የፊንላንድኛው «ፓንኪ» ሁለቱም «ብ»ን በ«ፕ» ለውጠዋል። ተመሳሳይ ውጤት፣ ፈጽሞ የተለያየ ምክንያት። በ568 ወደ ጣሊያን የገቡት ሎምባርዶች የሚባሉት የጀርመናዊ ቤተሰብ ቋንቋ ተናጋሪዎች «ብ»ን ወደ «ፕ» የማጠንከር ባሕርይ ነበራቸው፤ «ፓንካ» የእነርሱ ወንበር ነው፣ «ባንኮ» ግን በሌላ የጀርመናዊ አንደበት የገባ ነው። ፊንላንዶች ደግሞ በጥንት ቃሎቻቸው ውስጥ «ብ» ስለሌላቸው ከስዊድን የተቀበሉትን «ባንክ» እና «ቤንክ» በሚችሉት ድምፅ ጠሩት። መልክ ብቻ የሚያይ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያዛምድ ነበር።

5. ትርጉሙ የተጓዘበትን መንገድ በዘመን ማቆም

ወንበር እንዴት ገንዘብ ቤት ይሆናል? ለዚህ የገበያ ሰው መሆን ይበቃል። መደብ የምንለው ከጭቃ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መቀመጫ ነው፤ ደግሞ በገበያ ውስጥ ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ የሚሸጥበት ቦታም መደብ ነው። «መደብ» እና «ባንክ» ዘመዳሞች አይደሉም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። በመካከለኛው ዘመን በጣሊያን ከተሞች ገንዘብ ለዋጭ በአደባባይ ባንኮ ዘርግቶ፣ ሚዛኑን አስቀምጦ፣ የየአገሩን ሳንቲም ይመዝን ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጄኖዋ በተጻፉ ውሎች ውስጥ እነዚህ ሰዎች በዚያው በባንኮ ስም ተጠርተው ይገኛሉ። ሰውየው አደራ መቀበልና ማበደር ሲጀምር ስሙ ከሣንቃው ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ድርጅቱ ተሻገረ።

ይህን መንገድ ለማረጋገጥ የድርጅቶችን ዘመን ይደርድሩ፤ ዓመታቱ በካርታ ላይ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ያያሉ። የጄኖዋው የቅዱስ ጊዮርጊስ ባንክ 1407። እስከ ዛሬ የሚሠራው የሲዬናው ሞንቴ ዴይ ፓስኪ 1472። የአምስተርዳም የምንዛሪ ባንክ 1609። የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ 1668። የእንግሊዝ ባንክ 1694። ቃሉ ከሥራው ጋር አብሮ ተራመደ። በለንደን የገንዘብ ሰፈር ውስጥ እስከ አሁን የሎምባርዶች ስም ያለው መንገድ አለ፤ ከሰሜን ጣሊያን የመጡ ገንዘብ ነጋዴዎች ትተውት የሄዱት ስም ነው።

እንግዲህ የጀርመንኛው ብዙ ቁጥር የሚናገረው ይህን ነው። «ቤንከ» የሚለው የአገሩ ተወላጅ ነው፤ በአገሩ ሕግ «ባ»ን ወደ «ቤ» ለውጦ ይበዛል። «ባንከን» የሚለው ግን ከጣሊያን የመጣ እንግዳ ነው፤ በእንግዳ ሕግ ይበዛል። አንዱ ቃል በልጅነቱ ወንበር ሆኖ ከቤቱ ወጣ፣ ደቡብ ወርዶ ሠራ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ገንዘብ ይዞ ተመለሰ፤ ቤተሰቡም ወንድማቸው መሆኑን ሳያውቁ በእንግድነት ተቀበሉት። ሦስተኛውን ዓምድ አትዝለሉ ያልሁት ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ የበለጠ ሀብታም ነው። «ቤንች» ከአባቶቹ የወረሰው ነው። የወንዙን ዳር «ባንክ» በ1200 ገደማ ከሰሜን ሰዎች ከቫይኪንጎች ቋንቋ ተቀበለ፤ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል ማለት ነው፣ ከወንበሩ ጋርም ከሩቅ አያት ይገናኛል። ገንዘብ ቤቱን ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይና በጣሊያን በኩል አገኘ። ግብዣ የሚባለው «ባንኬት» ሳይቀር «ትንሽ ወንበር» ነው። ዳኞችም በእንግሊዝኛ በጥቅሉ «ቤንች» ይባላሉ፤ በእኛም አገር በቀድሞው ሥርዓት ዳኛው «ወንበር» ይባል እንደነበረ ያስታውሷል። በ1937 ቺካጎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ደም የሚጠራቀምበትን ክፍል «የደም ባንክ» ብሎ ሰየመ፤ ወንበሩ እስከዚያ ድረስ ተጓዘ።

6. ከሌላ ቤት ምስክር መጥራት

አንድ የትርጉም ጉዞ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ፣ ከሌላ ሥር በመጣ የሌላ ቋንቋ ቃል ላይ ተመሳሳይ ጉዞ መኖሩን ማየት ነው። ለዚህ ግሪክን እንጠራለን። በጥንታዊ ግሪክ «ትራፔዛ» ጠረጴዛ ነው፤ ሲተነተን «አራት እግር» ማለት ነው። ገንዘብ ለዋጩ «ትራፔዚቴስ»፣ የጠረጴዛው ሰው ተባለ። ዛሬ በግሪክ «ትራፔዛ» ባንክ ሲሆን የምግቡ ጠረጴዛ «ትራፔዚ» ሆኗል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታ የገለበጠው የገንዘብ ለዋጮች ገበታ በግሪኩ ይኸው ቃል ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 19 ባለጌታው ገንዘቤን ለምን አላስቀመጥህም ብሎ ሲጠይቅ የግሪኩ ጽሑፍ «በጠረጴዛ ላይ» ይላል፤ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን «ባንክ» ብሎታል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ሌላም ምስክር አለ። ላቲን ባንከኛውን ከ«ሜንሳ» ከጠረጴዛ «ሜንሳሪዩስ» አለው። እስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በዕብራይስጥ «ሹልሓን» ጠረጴዛ፣ «ሹልሓኒ» ገንዘብ ለዋጭ መሆኑን ያውቃሉ። አራት ቃላት፣ አንድ መንገድ።

7. የሐሰት ዘመዶችን ማውጣት

የሩሲያኛው «ባንካ» ማሰሮ ነበር፤ አስታወሱት? ገንዘብ በማሰሮ ይቀበራልና ዝምድና መፈለግ ያጓጓል። ይተውት። ያ ቃል በፖላንድኛ በኩል የመጣ የዕቃ ስም ነው፤ ከወንበሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሐሰት ዘመድ የሚታወቀው ከጥሩ ታሪክ ጋር ስለሚመጣ ነው።

ኪሳራ የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ ይያዙ። ጣሊያንኛው «ባንካ ሮታ» ይላል፣ «የተሰበረ ባንኮ»። ፈረንሳይኛው «ባንክሩት»፣ ጀርመንኛውና ሩሲያኛው «ባንክሮት» ሁሉ ከዚያ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ የላቲንን «ሩፕቱስ» አስቦ «ፕ» ጨመረበት። እስከዚህ ድረስ እርግጥ ነው። የከሰረ ለዋጭ ባንኮው በአደባባይ በመጥረቢያ ይፈለጥ ነበር የሚለው ተረት ግን በየቦታው ይደገማል። «መሰበር» በምሳሌም ይነገራል፤ ቃሉ ስለ መጥረቢያ ምንም አይናገርም። በደብተርዎ ቃሉን በአንድ መስመር፣ ተረቱን በሌላ መስመር ይጻፉ፤ አይቀላቅሏቸው።

8. ወደ አማርኛ መመለስ

የአውሮፓ ቃል ወደ እኛ ሲገባ በሩን በፊደሉ ያሳያል። ከግሪክ በጥንት ዘመን የመጡት «ት» እና «ፕ» ጠንክረው «ጠ» እና «ጰ» ሆነው ነው የገቡት፦ ጴጥሮስ፣ ጳጳስ፣ ጰራቅሊጦስ። ጠረጴዛም በሁለቱም ፊደል ማኅተሙን ይዟል። ቅርብ ጊዜ የመጡት ግን በለስላሳው ገቡ፦ ፖስታ፣ ፖሊስ፣ ቲያትር። አንድ ቃል «ጰ» ካለው ግሪክን መጀመሪያ ይጠርጥሩ።

«ባንክ» ራሱስ? ጣሊያንኛው መጨረሻው ላይ አናባቢ አለው፤ የእኛ የለውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአቢሲኒያ ባንክ ስምምነት የተፈረመው በ1905፣ ሥራ የጀመረው በ1906 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከጣሊያን ወረራ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ። ስለዚህ ወረራው አላመጣውም። ቅርጹ ወደ ፈረንሳይኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ያመለክታል፤ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ የዘመኑን ደብዳቤዎችና ጋዜጦች ማገላበጥ ይጠይቃል፣ ቅርጽ ብቻውን አይበቃም።

ጣሊያንኛው ግን በሌላ በር ገብቷል። ቡና ቤት ገብተው ማኪያቶዎን ቆመው የሚጠጡበት ረጅሙ መደርደሪያ ምን ይባላል? ባንኮኒ። የጣሊያንኛው «ባንኮኔ» ትልቅ ባንኮ ማለት ነው፤ ሲበዛ «ባንኮኒ» ይሆናል። ከመርካቶ፣ ከጎማና ከፋብሪካ ጋር የመጣ ቃል ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ከባንክ ወጥቶ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ቡና ሲጠጣ በሁለት ወንድማማች ቃላት መካከል ነው የተራመደው፤ አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ በአቴንስ ያንኑ ባንክ ይባላል።

ለሚቀጥለው ገጽ «ፖስታ»ን ይሞክሩ። ትርጉሞቹን ሁሉ ሲጽፉ በአማርኛ ደብዳቤው የሚገባበትን ወረቀትና የሚላክበትን ቤት አይርሱ፤ በአውሮፓ በኩል ደግሞ ወታደር የሚቆምበትን ቦታ ጨምሩበት። መነሻው የላቲን «ፖሲታ» ነው፣ «የተቀመጠች»፤ በመንገድ ዳር በየርቀቱ የተቀመጡትን የፈረስ መለወጫዎች ይፈልጉ።